እስከ አጥሩ ድረስ

ባለቤቴ ካረፈ በስምንተኛው ወር ሰርቪስ ቤቱን ለማከራየት ቆረጥኩ። ግቢው ጭር ብሎብኝ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ለደላላው ጸጥ ያለች ሴት ተማሪ ፈልግልኝ አልኩት። በማግስቱ ይዞልኝ የመጣው የግቢያችንን በር ጎንበስ ብላ የምታልፍ፣ እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ የማያት ቀጭን ልጅ ነበር። ከደቡብ ሱዳን የመጣች፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነርስነት የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት አለኝ። ጸጥተኛ ስለመሆኗ ስጠይቀው፣ አማርኛዋ ገና ስለሆነ ጸጥ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አላት ብሎ ሳቀ።

ደላላው ተሳስቶ ነበር። አማርኛዋ ከዶርም ጓደኞቿ እንደ ቆሎ በእፍኝ በእፍኝ የተሰበሰበ ነው፤ ያም ሆኖ አላፈረችበትም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ብርዱ ከሰሰችኝ። እኔን ነው የከሰሰችው፣ ብርዱን እኔ ያመጣሁት ይመስል። እነሱ አገር ሰው ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፤ እዚህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሰዉ ሁሉ ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ተደግፎ እንደ እንሽላሊት ሲሞቅ አይታ መጀመሪያ የታመሙ ሰዎች መስለዋት እንደነበር ነገረችኝ። የባለቤቴን ካፖርት አውጥቼ ሰጠኋት። እሱ ረጅም ነው ይባል ነበር፤ እጅጌው ግን ልጅቷን ክርኗ አካባቢ ደርሶ ቀረ።

ምግብም አላግባባንም ነበር። እኔ ትሪው እንዳይጎድል እጨምራለሁ፤ እሷ ደግሞ የቀረበላትን ጨርሳ መነሳት ክብር ነው ብላ ትጨርሳለች። እሷ ስትጨርስ እኔ ርቧታል ብዬ እንደገና እጨምራለሁ። ሁለታችንም በጨዋነታችን ጸንተን ሦስት ቀን ከቆየን በኋላ ሆዷን ይዛ ተኛች። ያኔ ነው ትንሽ ማስተረፍ ነውር እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ባለቤቲቱን እንደሚያሳርፍ ያስረዳኋት።

ከሁሉ የከበደን ግን ሰላምታ ነበር። ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ እንዴት አደርሽ እላታለሁ። እሷም እንዴት እንዳደረች ትነግረኛለች። ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት እንደነበር፣ ሁለት ጊዜ እንደነቃች፣ በሕልሟ የአባቷ ላሞች ወንዝ ሲሻገሩ አንዷ እንደቀረች፣ የቀረችው የትኛዋ እንደሆነች፣ ቀንዷ በየት በኩል እንደሚጠማዘዝ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ቅዳሴው ገብቷል። እነሱ ዘንድ የጠየቀ ሰው መልሱን ሰምቶ ነው የሚሄደው።

ሕይወቴን ሙሉ ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኩ ሴት ነኝና፣ ልጅ ስትሳሳት እያየሁ ማለፍ አይሆንልኝም። አንድ ቀን አስቀምጬ ለዚህ ጥያቄ መልሱ እግዚአብሔር ይመስገን መሆኑን አስተማርኳት።

«አሞኝ ከሆነስ?» አለች።

«አሞሽም ከሆነ።»

«ታዲያ መታመሜ መቼ ነው የሚነገረው?»

ይነገራል፣ ጊዜ አለው አልኳትና ተነስቼ ሄድኩ።

በዚያው ሰሞን ሌላም ጨመርኩላት። እንግድነት ሄዳ ስትነሳ የቤቱ ባለቤቶች፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች፣ ሊሸኟት ከተነሱ አይነሱ፣ በእግዚአብሔር ይቀመጡ ማለት እንዳለባት። ሁለቱንም ትምህርት በደንብ ያዘች። እንደ እሷ ፈጥኖ የያዘልኝ ተማሪ አላስታውስም።

ጥር ውስጥ ለመስክ ልምምድ ወጡ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው የገበሬ መንደር፣ ጋፋት ውስጥ፣ አሥር አሥር ቤት ተሰጠው። በየቤቱ እየገቡ በቤተሰቡ ውስጥ ያለውን የጤና ችግር ጠይቀው፣ በቅጽ ሞልተው፣ ማን ምን እርዳታ እንደሚያስፈልገው ጽፈው ለመምህራቸው ማቅረብ ነው ሥራው። አሥሩን ቤት በአንድ ቀን ተኩል ጨርሳ መጣች። ጓደኞቿ ገና አራተኛና አምስተኛ ቤት ላይ ናቸው። ደስ ብሏት፣ የጋፋት ሰው በጣም ጤነኛ ነው አለችኝ። የተራራው አየር ነው አልኳትና እኔም በአገሬ ትንሽ ኮራሁ።

ሰኞ ከትምህርት ስትመለስ ውሎዋን ጠየቅኳት። እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ጥሩ ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ግን በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብስ ስታጥፍ አየኋት። ገባሁ። ምን ሆነሻል ብላት ደህና ነኝ፣ ደግሜ ብጠይቃት ደህና ነኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ከሻንጣው ጎን ተቀመጥኩና አልነሳም አልኳት።

ነገሩ ወጣ። መምህሩ ቅጿን በተማሪው ሁሉ ፊት አንብቦታል። አሥር ቤት፣ በአሥሩም ውስጥ አንድ ራስ ምታት እንኳ የለም። «በሉ እንግዲህ ጤና ጣቢያውን ዘግተን ሁላችንም ጋፋት እንግባ» ብሎ ክፍሉን አሳቀባት። ቀጥሎ ግን ሳይስቅ ነው የተናገረው። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የሞላሽው ነው ወይም መጠየቅ አልቻልሽም፤ እስከ አርብ ደግመሽ ካላመጣሽ ትምህርቱን ወድቀሻል አላት። ይህን ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች፤ የነፃ ትምህርት ዕድሏ ደግሞ ለመድገሚያ የሚሆን አንድ ዓመት የለውም። ያለ ምስክር ወረቀት አገሯ ትገባለች ማለት ነው።

«ሁሉንም ጠይቄያለሁ» አለች። «እማማ፣ አንድም አልዋሸሁም።»

አውቃለሁ አልኳት፤ አውቅ ነበርም። ከደጃፉ ጀምሮ አንድ በአንድ ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ። ገባች፣ ሰላም አለች፣ ቅጹን አወጣች፣ የታመመ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሏት። ጻፈች። ጠላ ቀርቦላት ቀመሰች። ተነሳች። ባለቤቶቹ ሊሸኟት ሲነሱ በእግዚአብሔር ይቀመጡ ብላ፣ ትከሻቸውን ሳይቀር በእጇ ይዛ አስቀምጣ፣ በሩን ከውጭ ዘግታላቸው ሄደች። አንድ ሽማግሌ አሻፈረኝ ብለው ተከትለዋት ሲወጡ እንዳይደክሙ ብላ እየሮጠች አመለጠቻቸው።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ሽማግሌው ከኋላ፣ እሷ በዚያ እግሯ ከፊት በገብሱ ቃርሚያ መሃል ስትሮጥ ታየኝና ቤቱን እስኪሞላው ሳቅሁ። እንደዚያ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

«አይሳቁ» አለች ተቆጥታ። «ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

እኔ ነኝ። ሳቄ እዚያው ደረቀ። ጊዜ አለው ብያት የሄድኩበትን መልስ ያን ቀን ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ሆኜ ፈለግሁት። ባላገር ቤት ውስጥ፣ ምግብ ቀርቦ፣ ልጅና ምራት ባለበት በሽታ አይነሳም። ዋናው ጉዳይ የሚነገረው እንግዳው ተነስቶ፣ ባለቤቱ ሊሸኘው ተከትሎት ከወጣ በኋላ፣ ከደጃፉ እስከ አጥሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ያኔ ፊት ለፊት መተያየት የለም፤ ሁለቱም ወደ ፊት እያዩ ነው የሚሄዱት። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ይሉና፣ ለመሆኑ ይላል ባለቤቱ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው ቁም ነገሩ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም ሰው መሸኘትን ጨዋነት ብቻ አድርጌ ነበር የማውቀው። እሷ ዘጠኙን ከደጃፉ ሳያልፉ አስቀምጣ፣ ከአሥረኛው ሮጣ አምልጣለች።

ይህን ስነግራት አብረን እንሂድ አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ በቀር የትም ሄጄ አላውቅም ነበር። ጥቁር የለበሰ ሰው መንገድ ከወጣ ያገኘው ሁሉ ይጠይቀዋል፤ መጠየቁን ፈርቼ ነው። እግሬን ያመኛል አልኳት።

«እውነት ነው ወይስ እግዚአብሔር ይመስገን ነው?» አለችኝ።

ጫማዬን አደረግሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ባጃጁ መንገዱ ዳር አውርዶን በእግር ገባን። ቅጹን ተቀብያት በቦርሳዬ ከትቼዋለሁ፤ ወረቀት ያየ ገበሬ መጀመሪያ የሚታወሰው ግብር ነው። መጀመሪያ የገባነው እየሮጠች ያመለጠቻቸው ሽማግሌ ቤት ነበር። ዛሬስ ልትቀመጪልን ነው አሏት። ተቀመጥን። የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር ቀረበ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ጥምቀቱ ተወራ። የልጅቷ ጉልበት ከጎኔ ይዘላል፤ እኔ በክርኔ አስታግሳታለሁ። ተነሳን፣ ሽማግሌው ተነሱ፣ እኛም አልከለከልናቸውም። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆም አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ለመሆኑ አሉ። ልጅቷን አየኋት፤ እንዳልኩሽ አይደል ማለቴ ነው። ሽማግሌውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የበሬያቸው ትከሻ ማበጡን ነገሩን።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ተራራውን አየሁ። ስለራሳቸውስ ስትላቸው እሳቸው ደህና ናቸው፣ ይመስገን። በሬውን ጻፈችው።

ሁለተኛው ቤት ያገኘናት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ሁለት ዓይኖቿ ቀልተው እንባ ያዘንባሉ፤ ጭሱ ነው አለች፤ እሳቱ ግን ጠፍቷል። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ለክታ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ቢኖረኝ ያለ መሰላል ክዳኔን አስከድን ነበር አለች። ልጅቷም እዚህም የቀረበልንን ድንች እያሳየች፣ ይህን ከጨመሩልኝ እከድናለሁ አለቻት። ሳቁ ቤቱን አሟሟቀው። ስለ ጤና ስንጠይቃት እንደ ደንቡ ደህና ነን። ተነሳን፣ ተከትላን ወጣች። አጥሩ ጋ ቆመች። ለመሆኑ አላለችም። ጥቁር ልብሴን ነው የምታየው።

«ማንን ነው፣ እህቴ?»

«ባለቤቴን።»

«አንችስ እንዴት ሆንሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደህና አይደሉም» አለች ልጅቷ።

ሁለታችንም ወደ ላይ አየናት። እሷ አላፈረችም፣ ድምጿንም አልቀነሰችም።

«ማታ ሁለት ሰሃን ያወጣሉ። አንዱን ይመልሳሉ። በሌላው ትንሽ ያደርጉና ያንንም አይበሉም። ከክፍሌ ይታየኛል።»

ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። እኛ ዘንድ ልጅ ትልቅ ሰው ያለውን በባዳ ፊት አያፈርስም፤ የማያውቀኝ ሰው ፊት ማጀቴን ገልጣ አሳየችብኝ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

ለዚያች ስሟን ለማላውቃት ሴት፣ አጥሯን ተደግፌ፣ ለእህቶቼ ያልነገርኩትን ነገርኳት። ባለቤቴ ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው ለምኜ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ምን ይሰማዎታል አለው። እሱም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷ ናት ያመጣችኝ አለ። ሐኪሙ እንዳለው ጻፈ።

«ዳገት ሲወጣ ሦስት ቦታ እንደሚቆም አውቅ ነበር» አልኳት። «አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። በሰው ፊት ባሌን ላሳጣው? ብዬ ዝም አልኩ።»

ሴትዮዋ እንደ ሌላው ሰው እግዜር ያጥናሽ አላለችኝም። ዕድሜው ነው፣ የተጻፈለት ነውም አላለችም። ከአንገቷ ማተብ ጋር የታሰረውን ወረንጦ አውጥታ መዳፏ ላይ አሳየችን።

«የዓይኔ ፀጉር ወደ ውስጥ እየበቀለ ይወጋኛል» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እነቅለዋለሁ፣ እሑድ እንዳስቀድስበት። እስከ ሐሙስ ተመልሶ ይበቅላል። ግራው ከብርሃን በቀር አያይልኝም።»

ልጆቿ ያውቁ እንደሆነ ብጠይቃት ጭስ መስሏቸዋል አለች።

ልጅቷ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ሆነች። ያ መቻኮሏ ጠፋ። ጎንበስ ብላ፣ እጇን በውሃ አስፈስሳ ታጥባ፣ የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ገልብጣ አየችው። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ሽፋኑ ወደ ውስጥ መታጠፉን፣ ጤና ጣቢያ በአጭር ቀዶ ጥገና እንደሚቃና፣ ቀኙ እንዳይከተል መዘግየት እንደሌለባት አስረዳቻት። ሴትዮዋ ቢላ መሆኑን ስትሰማ ደንገጥ አለች።

«የምትቆርጭኝ አንች ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም። እኔ እጅዎን እይዛለሁ።»

«እንኳን አልሆንሽ» አለች ሴትዮዋ። «ከዚያ ላይ ቁልቁል ስታዪኝ ያዞረኝ ነበር።»

ቅጹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ አጥሩ ላይ አስደግፋ ጻፈች። ሴትዮዋም የምትጽፈውን እንድታነብላት ጠየቀች፤ እንግሊዝኛው ሲነበብላት ራሷን እየነቀነቀች ትክክል ነው አለች።

ስንመለስ ሁለት እርሻ ሙሉ ከፊቷ ቀድሜ ተራመድኩ።

«ተቆጡኝ?» አለች።

«አዎ።»

«በጣም?»

«እስከ ባጃጁ ድረስ» አልኳት።

ረቡዕና ሐሙስም ሄድን። እግሬን እውነትም አመመኝ፤ ማታ ማታ በሞቀ ውሃ እየነከርኩ ጠዋት እነሳለሁ። ወሬው ቀድሞን ዞሮ ኖሮ አጥሩ ላይ ብዙ መቆም አላስፈለገንም። አንዷ ገና ከደጃፉ ጀመረች። የመጀመሪያው ሽማግሌ ሐሙስ ዕለት በአጥራቸው ስናልፍ ጠሩንና በሬው እንደተሻለው ነገሩን። ከዚያ ለልጅቷም ለእኔም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የበሬውን ትከሻ እያሻሹ፣ ለበሬው የሚነግሩ መስለው ሽንት አልወጣ እያለ ካስቸገራቸው ሁለት ወር መሆኑን ተናገሩ። ልጅቷም እየጻፈች በበሬው በኩል ጠየቀቻቸው፤ በበሬው በኩል መለሱላት። ከአሥሩ ቤት እውነት ደህና ሆነው የተገኙት ሦስቱ ናቸው። አንደኛው ቤት እስከ መጨረሻው ደህና ነን እንዳሉ ቀሩ፤ ሰውየው እስከ ባጃጁ መንገድ ድረስ ሸኝተውን እንኳ አልነገሩንም። ያልታወቀ ብላ ጻፈች።

አርብ ጠዋት ካፖርቱን ሳትለብስ ሄደች። እኔ ደጃፌ ላይ ወጥቼ ገብስ ስለቅም ዋልኩ። የለቀምኩትን መልሼ እለቅማለሁ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ጎረቤት ብቅ ብላ ምን ሆነሻል ብትለኝ ልጅቷ ዛሬ ትወድቃለች ወይም ታልፋለች፣ ፈርቻለሁ አልኳት። ከጎኔ ተቀምጣ አብራኝ ለቀመች።

አሥር ሰዓት አካባቢ መጣች። ከአረማመዷ ለመገመት ሞክሬ አቃተኝ፤ ረጅም ሰው ሲሄድ ምኑም አያስታውቅም። አጠገባችን መጥታ ቆመችና፣ «አልፌያለሁ» አለች። ቀጥሎ መሬቱ ላይ ዝርግፍ አለች።

መምህሩ ረጅም ጊዜ ወስዶ ነው ያነበበው አለችን። በሬው የጤና ቅጽ ውስጥ ምን ይሠራል ብሏታል። በሬው ባይኖር ሽማግሌው እንደማይገኙ ነገረችው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። መምህሩም በሬው ቅጹ ላይ እንዲቆይ ፈቀደ። አዛውንት ሴት አብራት መሄዷን ከሰው ሰምቶ ኖሮ ግን ለዚያ ነጥብ ቀነሰባት፤ ልምምዱ የተማሪዋ እንጂ የአከራይዋ አይደለም ብሎ። ልክ ነው አልኳት፤ እኔም ብሆን እቀንስ ነበር። የዓይን ሕመምተኛዋንና የሽማግሌውን ጉዳይ ግን ያኔውኑ ለጤና ጣቢያው እንዲላክ አዝዟል። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ሐሙስ ትመጣለች፤ ልጅቷ እጇን ልትይዝ ፈቃድ ጠይቃለች።

ጎረቤቴ እልል ብላ ሄደች። ልጅቷ እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጠች ስልኳን አወጣችና እናቷ ዘንድ ደወለች። ከዚያ ወዲያ የነበረው በቋንቋቸው ነው። እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ አማርኛ ሲሆን እየመረጠች የምትረግጠው ልጅ በራሷ ቋንቋ ትሮጣለች። አንዲት ቃል አይገባኝም። መሃል ላይ ግን ጋፋት ስትል ሰማሁ፤ ቆይታ ደግማ ጋፋት። ወዲያ ማዶ ያሉት እናቷ ቃሉን ሊሉት ሞከሩና አልሆነላቸውም፤ ልጅቷ ቀስ አድርጋ እየከፋፈለች እስኪይዙት ድረስ ትነግራቸው ጀመረች። የለቀምኩትን ገብስ አንስቼ ገባሁ፤ እራት ሊደርስ ነውና።